ደሴ እንግዳዋን ታሳድራለች ወይስ ታሳልፋለች?

የኮሪደር ልማት ከአዲስ አበባ ወጥቶ ወደ ክልል ከተሞች ከተሻገረ ወዲህ ደሴና ኮምቦልቻ ውስጥ አንድ ተስፋ ደጋግሞ ይነገራል፦ መንገዱ ሲሰፋ፣ መብራቱ ሲተከል፣ የእግረኛው መተላለፊያ ሲያምር ቱሪስት ይመጣል፤ ቱሪስት ሲመጣ ከተማው ያድጋል። በሌላ ወገን «ሰላምና ውኃ ሳይኖር የምን ቱሪስት?» የሚል መልስ ይሰነዘራል። የመጀመሪያው ወገን የሚያወራው ስለ ከተማ ገጽታ ነው፤ ሁለተኛው ስለ መሠረታዊ አገልግሎት። ቱሪዝም ገንዘብን ወደ ከተማ የሚያስገባበት መንገድ ራሱ ግን ከክርክሩ ውጭ ቀርቷል። መንገዱን ካልመረመርን ደግሞ የትኛው ወገን ምን ያህል ትክክል እንደሆነ መመዘን አንችልም።

በዙሪያዋ ያለው ሀብት

ደሴ ብቻዋን ትልቅ የጉብኝት መዳረሻ ባትባልም የመዳረሻዎች መሐል ናት። በስተሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ይገኛል። በ13ኛው ክፍለ ዘመን አባ ኢየሱስ ሞዐ ትምህርት ያስፋፉበት፣ በዚያው ዘመን የተጻፈ የብራና ወንጌል የሚገኝበት ገዳም ነው። አምባሰል ውስጥ ግሸን ማርያም አለች፤ በ1881 የውጫሌ ውል የተፈረመበት ይስማ ንጉሥም በዚያው ወረዳ ነው። በአልቡኮ ጀማ ንጉሥ፣ በቃሉ ጌታ፣ ለዘመናት የእስልምና ትምህርትና የመውሊድ አከባበር ማዕከላት ሆነው ኖረዋል። ወደ ምዕራብ የሚጓዝ መቅደላን ያገኛል። ከኮምቦልቻ ወደ ምሥራቅ የሚወርድ ደግሞ አማራው፣ ኦሮሞውና አፋሩ በየሰኞው የሚገናኙበት የባቲ ገበያ ይደርሳል።

ከተማዋ ውስጥ የንጉሥ ሚካኤል አይጠየፍ አዳራሽ አለ። የደጃዝማች ዮሴፍ ብሩ መኖሪያ የነበረው ቤት የደሴ ሙዚየም ሆኖ ሲያገለግል ቆይቶ በ2014 ጦርነት ተዘርፏል። በ1870 የሃይማኖት ጉባኤ የተካሄደበት ቦሩ ሜዳም ከከተማዋ ብዙ አይርቅም። ሀብቱ ብዙ ነው። ብዛቱ ብቻውን ግን ገቢ አይሆንም፤ ከእነዚህ ቦታዎች አብዛኞቹን አንድ ሰው ደሴ አንድም ሌሊት ሳያድር አይቶ ሊመለስ ይችላል።

የሚያልፍ እንግዳ፣ የሚያድር እንግዳ

በዓለም አቀፉ የቱሪዝም ስታቲስቲክስ አሠራር ከመኖሪያ አካባቢው ውጭ የሚጓዝ ጎብኚ በሁለት ይከፈላል። ቢያንስ አንድ ሌሊት የሚያድረው ቱሪስት ይባላል፤ በዕለቱ የሚመለሰው የቀን ጎብኚ ነው። የመጣበት ምክንያት መዝናናት መሆን የለበትም፤ ንግድ፣ ሕክምና፣ ስብሰባ ወይም ሃይማኖታዊ ጉዞ ሊሆን ይችላል። ክፍፍሉ የባለሙያ ወግ ቢመስልም ለከተማ ኢኮኖሚ ወሳኝ ነው። አዳሪው እንግዳ አልጋ ይከራያል፣ እራትና ቁርስ ይመገባል፣ ማታ በባጃጅ ይንቀሳቀሳል፣ ልብሱን ያሳጥባል፣ ጠዋት ገበያ ወጥቶ የሚገዛ ነገር ይፈልጋል። አላፊው ከዚህ ሁሉ አንዱን ወይም ሁለቱን ብቻ ያደርጋል።

በየዓመቱ መስከረም 21 ወደ ግሸን የሚጓዘውን ምዕመን እንውሰድ። በማኅበር ወይም በጉዞ አዘጋጅ አማካይነት አውቶቡስ ተከራይቶ ከአዲስ አበባ ይነሳል። የትራንስፖርቱ ክፍያ የተፈጸመው እዚያው አዲስ አበባ ነው። ስንቁን፣ ዳቦውንና ቆሎውን፣ በሶውን ይዞ ነው የሚመጣው፤ ለጉዞ ልብሱም ለጧፉም ያወጣው ገንዘብ ከቤቱ ሳይርቅ ወጥቷል። ኮምቦልቻ ወይም ደሴ ሲደርስ አውቶቡሱ ነዳጅ ይቀዳል፤ ጎማ ከተነፈሰ ጎሚስታ ቤት ይቆማል፤ ተጓዡ ሻይ ጠጥቶ፣ እጁን ታጥቦ፣ ጉዞውን ይቀጥላል። ሌሊቱን አምባው ላይ በድንኳን ወይም በሜዳ ያሳልፋል። ሲመለስ ድካም ስለያዘው፣ አውቶቡሱም በቀን ሂሳብ የተከራየ ስለሆነ፣ ደሴን በመስኮት አይቶ ያልፋል። በሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ አለፈ ማለት በሺዎች የሚቆጠር እንግዳ ተስተናገደ ማለት እንዳልሆነ የሚያሳየው ይህ ነው።

የዘርፉ ባለሙያዎች ጎብኚ ካወጣው ገንዘብ መዳረሻው ላይ ሳይቀር ወደ ሌላ ቦታ የሚሄደውን ድርሻ «የገንዘብ ፍሳሽ» ይሉታል። የቀረው ገንዘብ ከእጅ ወደ እጅ ሲዘዋወር የሚፈጥረው ተጨማሪ ገቢ ደግሞ «የማባዣ ውጤት» ይባላል። የደሴ ሆቴል እንግዳውን የሚመግበው ከሰኞ ገበያ በገዛው እህል፣ ከኩታበር ወይም ከደሴ ዙሪያ በመጣ በግና ቅቤ ከሆነ ማባዣው ከፍ ይላል። የታሸገው ዕቃም፣ አስጎብኚውም፣ አውቶቡሱም ከውጭ የሚመጡ ከሆነ ፍሳሹ ያይላል። ስለዚህ ስለ ቱሪዝም ሲወራ መቅደም ያለበት ጥያቄ ምን ያህል ሰው መጣ ሳይሆን ስንት ሌሊት ታደረ የሚለው ነው ብዬ አምናለሁ።

ሰው የሚያድረው አልጋ ስላለ ብቻ አይደለም። ማታ የሚሠራው፣ ጠዋት የሚያየው ነገር ሊኖረው ይገባል። ከአራቱ የኢትዮጵያ የዜማ ቅኝቶች ሁለቱ፣ ባቲና አምባሰል፣ ስማቸውን የያዙት ከዚሁ አካባቢ ነው። ማሲንቆውና ክራሩ በእነዚህ ቅኝቶች በቋሚነት በየምሽቱ የሚሰማበት ቤት መኖር አንድን ተጓዥ ለሌሊት የማስቀረት ጉልበት አለው። ቅዳሜና እሑድ ክፍት የሆነና የሚያስረዳ ሰው ያለው ሙዚየም ሁለተኛውን ቀን ያስገኛል። እሑድ ማታ ኮምቦልቻ አድሮ ሰኞ ማለዳ ባቲ መውረድ ራሱን የቻለ ጉዞ ነው። ከአዲስ አበባ ወደ ላሊበላ በመኪና የሚሄድ ሰው ደግሞ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ደሴ ላይ ማረፉ አይቀርም፤ የቀረው ጥያቄ ማረፊያው ሰዓታት ይሁን ሁለት ቀን የሚለው ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ የሚዘነጋ እንግዳም አለ። ከወሎና ከአፋር ወረዳዎች ለከፍተኛ ሕክምና የሚመጣ ታማሚና አስታማሚ፣ ልጁን ዩኒቨርሲቲ ሊያደርስ ወይም ሊያስመርቅ የሚመጣ ወላጅ፣ ለሥልጠናና ለስብሰባ የሚመጣ ሠራተኛ፣ ሁሉም ዓመቱን ሙሉ የሚያድሩ እንግዶች ናቸው። ፎቶ አያነሱም፤ በቱሪዝም ሪፖርትም ብዙ አይታዩም። የደሴን መለስተኛ አልጋ ቤቶች በር ክፍት አድርገው ያቆዩት ግን እነሱ ናቸው። ሐኪም ቤት አጠገብ ንጹሕና አቅምን ያገናዘበ ማረፊያ መሥራት ከአምስት ኮከብ ሆቴል ያነሰ የቱሪዝም ኢንቨስትመንት ተደርጎ መታየት የለበትም።

ሁለት የዘመን መቁጠሪያ፣ አንድ የክረምት መንገድ

የሃይማኖት ጉዞ ትልቁ ድካም ወቅታዊነቱ ነው። ሃምሳ ክፍል ያለው አንድ ሆቴል በዓመት የሚሸጠው 18,250 የአልጋ ሌሊት አለው። በበዓላት ሰሞን ለሃያ ቀናት ጢም ብሎ ቢሞላ የሚሸጠው 1,000 ብቻ ነው፤ ከጠቅላላው ከ6 በመቶ በታች። የባንክ ብድር የሚከፈለው በቀሪዎቹ ወራት ነው። በበዓል ግርግር ተማርኮ ሆቴል የሚገነባ ባለሀብት ይህን ሂሳብ አስቀድሞ ሊሠራው ይገባል።

ወሎ ከብዙ አካባቢዎች የሚለየው ታላላቅ ጉዞዎቹ በሁለት የዘመን መቁጠሪያ የሚመሩ መሆናቸው ነው። ግሸን በመስከረም 21 የጸናች ናት። መውሊድ ግን በጨረቃ አቆጣጠር ስለሚከበር በየዓመቱ 11 ቀን ያህል ወደ ኋላ ይመጣል። በ2017 መስከረም መጀመሪያ ላይ ነበር የዋለው። ከዚያ ወዲህ ወደ ነሐሴ ተሻግሯል፤ በቀጣይ ዓመታት ደግሞ ወደ ሐምሌ ይገባል። ይህ ማለት ወደ ጀማ ንጉሥና ወደ ሌሎች መሰል ማዕከላት የሚወስዱት የገጠር መንገዶች ከፍተኛውን ጫና የሚሸከሙት በጭቃው፣ በጎርፉና በናዳው ወራት ነው። ሁለቱ በዓላት አንድ ሰሞን ላይ ሲገጣጠሙ አልጋ ይጠባል፤ ሲራራቁ ግን የእንግዳው ወቅት ይረዝማል። ዕድሉ የሚሠራው መንገዱ ክረምቱን ከቻለ ብቻ ነው። የዓመታትን ቀን ከአሁኑ ማስላት የሚቻል ሆኖ ሳለ መንገዱ በበዓሉ ዋዜማ በችኮላ የሚጠገን ከሆነ ኪሳራው የሁሉም ነው።

መሬቱ የሚፈቅደውና የማይፈቅደው

ደሴ በጦሳ ተራራና በአዝዋ ገደል መካከል፣ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ፣ ከሰሜን ወደ ደቡብ በተዘረጋ ጠባብ ስምጥ ውስጥ የተቀመጠች ከተማ ናት። ስምጥ ማለት የምድር ቅርፊት በሁለት ስንጥቆች መካከል ዝቅ ብሎ የፈጠረው ሸለቆ ነው። ይህ አቀማመጥ ውበቷ ነው፤ ወሰንዋም ነው። ሜዳው ቀድሞ ተይዟል፤ አዲስ ግንባታ ወደ ዳገቱ ይወጣል። በዳገቱ ላይ ያለው አፈርና የተሰባበረ ዓለት ደግሞ ውኃ ሲጠጣ ይንሸራተታል። በደሴ ዙሪያ፣ በገራዶና በሐረጎ አቅጣጫ የመሬት መንሸራተት ለረጅም ጊዜ የተጠና ችግር ነው።

እንግዲህ አንድ የተራራ ጥግ ለሎጅ ሲሰጥ የሚታየው እይታው ብቻ መሆን የለበትም። የተቆረጠ ዳገት ከላዩ ያለውን መሬት ደጋፊ ያሳጣዋል፤ የጣራና የአስፋልት ውኃ አንድ ቦታ ላይ ሲለቀቅ ቦረቦር ይፈጥራል፤ ቦረቦሩ ወደ ቦርከና ይወርዳል፤ ቦርከና በክረምት ሲሞላ ዳር ላይ ያሉትን ቤቶች ያሰጋል። የጎርፍ መውረጃ ሳይሠራ የሚነጠፍ የእግረኛ መንገድ ውኃው ወደ መሬት የሚሰርግበትን ቦታ በመድፈን ጎርፉን ወደ ታችኛው ሰፈር ይገፋዋል። ከአስፋልቱ በታች የሚቀበረው ቱቦ ከላይ ከሚተከለው አምፖል ይልቅ ለከተማዋ ዕድሜ ይበልጣል።

ውኃም ሌላው ወሰን ነው። በፈረቃ ውኃ የሚያገኝ ሆቴል ጣራው ላይ ሮቶ ይደረድራል፣ በቦቴ ያስመጣል፣ ወጪውን በአልጋው ዋጋ ላይ ይጨምራል። የውጭ ጎብኚ በቀን የሚጠቀመው ውኃ ከነዋሪው እጅግ ይበልጣል። አዲስ ጉድጓድና ማጠራቀሚያ ሳይጨመር የሚበዛ ሆቴል ከነዋሪው ፈረቃ ላይ መቀነሱ አይቀርም፤ ያኔ እንግዳ ተቀባይነቱ የሚታወቀው የወሎ ሰው ራሱ በቱሪዝም ላይ ቅሬታ ይይዛል። ሐይቅን በተመለከተ ጥንቃቄው ከዚህም ይብሳል። በ«ገበታ ለትውልድ» የመዳረሻዎች ልማት ፕሮጀክት ሥር የሎጎ ሐይቅ፣ ማለትም የእስጢፋኖስ ገዳም ያለበት ሐይቅ፣ ዳርቻ መካተቱ ብዙ ተስፋ አሳድሯል። ይሁንና ሐይቁ ውኃው የሚወጣበት ወንዝ የለውም። መውጫ ወንዝ ወዳላቸው ሐይቆች የገባ ቆሻሻ በጊዜ ብዛት ታጥቦ ሊሄድ ይችላል፤ እዚህ የገባው እዚሁ ይቀራል። ስለዚህ የፍሳሽ ማጣሪያው ከመጀመሪያው እንግዳ በፊት መሠራት አለበት።

ኮምቦልቻ የምታሟላው

ከደሴ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ሐረጎን ተወርዶ የሚገኘው የኮምቦልቻ ሜዳ ደሴ ያጣችውን ነገር ይዟል፦ ሰፊ ቦታ፣ ሞቅ ያለ አየር፣ ደረቅ ወደብ፣ አውሮፕላን ማረፊያ። በዓለም አቀፍ የበረራ መለያ ላይ ማረፊያው የተመዘገበው በደሴ ስም ምህጻር መሆኑ ሁለቱ ከተሞች ለተጓዡ አንድ መዳረሻ እንደሆኑ ያሳያል። በአስተዳደር ግን ሁለት ናቸው፤ ፕላናቸውም፣ በጀታቸውም፣ የገቢ ፉክክራቸውም ለየብቻ ነው።

ኮምቦልቻ ዕጣዋን የጣለችው በኢንዱስትሪ ላይ ነው። ከጨርቃጨርቅ፣ ከቢራ፣ ከብረታ ብረትና ከቆዳ ፋብሪካዎች በተጨማሪ በ2009 መጨረሻ 75 ሄክታር ላይ ያረፈ የኢንዱስትሪ ፓርክ ተመረቀላት። በ2007 ግንባታው የተጀመረው የአዋሽ–ኮምቦልቻ–ሐራ ገበያ የባቡር መስመር፣ 390 ኪሎ ሜትር ያህል የሚረዝመው፣ ፋብሪካዎቹን ከጅቡቲ ጋር ያገናኛል ተብሎ ነበር። ሀዲዱ በአብዛኛው ተዘርግቶም ለዓመታት አገልግሎት ሳይሰጥ ቆየ። በጥቅምት 2014 መጨረሻ ሁለቱም ከተሞች በጦርነቱ ተይዘው እስከ ኅዳር መጨረሻ ሲቆዩ ፋብሪካዎች፣ ሆስፒታል፣ ዩኒቨርሲቲና የባቡሩ ንብረት ተዘረፉ። በዚያው ሰሞን፣ በታኅሣሥ 2014፣ ኢትዮጵያ ከአጎዋ፣ ማለትም የአፍሪካ ምርቶች ያለ ቀረጥ ወደ አሜሪካ ገበያ ከሚገቡበት ዕድል ወጣች።

ይህን ታሪክ የሚያነሱ ሰዎች ሁለት ተቃራኒ ትምህርት ይወስዱበታል። ከፊሎቹ ኢንዱስትሪው ስለተፈተነ ወደ ቱሪዝም እንዙር ይላሉ። ሌሎቹ ቱሪዝም ከፋብሪካም ይበልጥ ለኮሽታ የሚደነግጥ ዘርፍ ስለሆነ ያለውን ፋብሪካ እናጠንክር ይላሉ። የሁለተኛው ወገን ክርክር ይበልጥ ያሳምነኛል፤ ፋብሪካ ዓመቱን ሙሉ ደመወዝ ይከፍላል፣ ማሽኑም በአንድ የጉዞ ማስጠንቀቂያ አይሰደድም። ነገር ግን ሁለቱ ዘርፎች የግድ ሊጋጩ አይገባም። የንግድ ተጓዥ በሳምንቱ ቀናት ሆቴሉን ይሞላል፤ ምዕመኑና ጎብኚው በበዓልና በዕረፍት ቀን። ግጭቱ የሚፈጠረው በብክለት ነው። በኮምቦልቻ ለዮሌና ወርቃ ወንዞች ላይ የተደረጉ ጥናቶች ከፋብሪካ የሚለቀቅ ብክለት መኖሩን አሳይተዋል። የእነዚህ ወንዞች ውኃ ወደ ቦርከና ይገባል፤ የቦርከናን ሸለቆ ለጎብኚ ማስተዋወቅና ወንዙን ማበከል አብረው አይሄዱም።

ኮሪደሩ ምን ያደርጋል?

የኮሪደር ልማት በዋና መንገዶች ዳር ያለውን ስፍራ ከአስፋልት፣ ከእግረኛና ብስክሌት መንገድ፣ ከመብራትና ከአረንጓዴ ቦታ ጋር አንድ ላይ መልሶ የመገንባት ሥራ ነው። ደሴን ለሚያውቅ ሰው ጥቅሙ ግልጽ ነው፤ በፒያሳና በሸዋ በር መካከል ሰው፣ ባጃጅና ጋሪ አንድ መንገድ ሲሻሙ ኖረዋል። በምሽት ብርሃን ያለበት መንገድ ደግሞ ሱቅን እስከ ማታ ያስከፍታል፣ ሴቶች ያለ ስጋት እንዲንቀሳቀሱ ያደርጋል። ይህ ለነዋሪው ይሠራ፤ እንግዳው ተከትሎ ይጠቀማል።

የማያደርገውም አለ። በመንገዱ ዳር የቦታ ዋጋ ሲጨምር በሊዝ፣ ማለትም የመሬትን የመጠቀም መብት ለተወሰነ ዘመን በሚያስገኘው ውል፣ የሚገኘው የከተማ ገቢ ያድጋል። ኪራዩም አብሮ ይወጣል። በዚያ መንገድ ላይ ሻይ የምታፈላ፣ ዳቦ የምትጋግር፣ ጋቢና ነጠላ የምትሸጥ ሴት ወደ ውስጥ ሰፈር ስትገፋ እንግዳው ሊገዛ የሚመጣው የደሴ ኑሮ ራሱ ከዋናው መንገድ ይርቃል። ለተነሺዎች የሚከፈለው ካሣ በአዋጅ 1161/2011 የተደነገገ ቢሆንም፣ ደሴ ውስጥ ብዙ መተዳደሪያ በኪራይ ቤትና በበረንዳ ላይ የቆመ በመሆኑ ባለይዞታውን የሚክስ አሠራር ተከራዩን ሁልጊዜ አይደርሰውም። አሮጌ የጭቃ ቤቶችና ባለ ሰገነት የንግድ ቤቶች ሳይመዘገቡ ከፈረሱ ደግሞ በገንዘብ የማይመለሱ ናቸው። ፎቅ ሌላ ከተማም አለ፤ ጎብኚ ለፎቅ ብሎ 400 ኪሎ ሜትር አይጓዝም።

የገንዘቡ ምንጭም መታየት አለበት። በሁለቱም ከተሞች ከሚነሱት ሕንፃዎች ብዙዎቹ የቆሙት በዓረብ አገራት በሚሠሩ ልጆች በተላከ ገንዘብ ነው። በሐምሌ 2016 የብር የምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ ይህ ገንዘብ በብር ሲመነዘር በዝቷል፤ ከውጭ የሚገባው ሊፍት፣ ጄኔሬተርና የመታጠቢያ ዕቃም እንዲሁ ተወድዷል። ስለዚህ ትርፉ የሚሰፋው ከአገር ውስጥ በተገኘ ድንጋይ፣ እንጨትና የእጅ ጥበብ ለሚገነባ አነስተኛ ማረፊያ ነው።

የሰላም ጉዳይ

ከሐምሌ 2015 መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል የተባባሰው ግጭት የመኪና ጉዞን አስፈሪ አድርጎታል። የውጭ መንግሥታት የጉዞ ማስጠንቀቂያ ሲያወጡ የጉዞ መድን ሰጪዎች ሽፋን ይከለክላሉ፤ መድን የሌለው ቡድን ይዞ የሚመጣ የጉዞ ድርጅት የለም። የአገር ውስጥ ምዕመን ይበልጥ ጽኑ ቢሆንም መንገድ ሲዘጋ እሱም ይቀራል። ይህን በከተማ ደረጃ መፍታት አይቻልም። ከተማዎቹ ማድረግ የሚችሉት መንገዱ ሲከፈት ለመጀመሪያው እንግዳ ዝግጁ ሆኖ መገኘት ነው፤ የተዘረፈውን ሙዚየም ማደራጀት፣ የተረፈውን ቅርስ በፎቶግራፍ መመዝገብ፣ አስጎብኚ ማሠልጠን ሰላምን የማይጠብቁ ሥራዎች ናቸው።

ከወዲሁ ሊታይ የሚችለው

ያለው አካሄድ ሳይለወጥ ከቀጠለ ደሴ ያማረ ዋና መንገድ፣ በበዓል የሚሞሉና በቀሪው ጊዜ ባዶ የሚሆኑ ሆቴሎች፣ ውኃ የሚጠብቁ የውስጥ ሰፈሮች ይኖሯታል ብሎ መገመት ይቻላል። ሁለቱ ከተሞች ውኃን፣ ቆሻሻ አወጋገድን፣ የአየር ማረፊያ ትራንስፖርትንና የእንግዳ ቆይታን በጋራ ካቀዱ ግን ደሴ የትምህርት፣ የሕክምናና የቅርስ፣ ኮምቦልቻ የመጓጓዣ፣ የፋብሪካና የትልልቅ ስብሰባ ከተማ ሆነው አንዱ የሌላውን እንግዳ ማቆየት ይችላሉ።

ለዚህ የሚያስፈልገው መረጃ ደግሞ ቅርብ ነው። ሆቴሎችና አልጋ ቤቶች ለጸጥታ ሲባል የእንግዳውን ስምና መታወቂያ በየምሽቱ ይመዘግባሉ። ከዚያ መዝገብ ላይ ስምና ማንነት ተቀንሶ፣ ስንት ሰው ስንት ሌሊት አደረ የሚለው ብቻ በየወሩ ተደምሮ ለሕዝብ ቢወጣ፣ ባለሀብቱ የትኛው ወር እንደሚጎድል ያያል፤ የውኃ አገልግሎቱ ፍጆታውን ይገምታል፤ የሁለቱ ከተሞች ምክር ቤቶችም ለኮሪደር፣ ለግሸን መንገድና ለሙዚየም የመደቡት ገንዘብ አንድ ተጨማሪ ሌሊት ማስገኘት አለማስገኘቱን በቁጥር ይጠይቃሉ።